ሰማይ ላይ መግደርደር የለም

በየከተማው፣ ሁለት ነገር በአንድ መንገድ ሲመጣ ካየ እጁን ሳያስገባ የማያልፍ አንድ ሰው አይጠፋም። ወፍጮ ቤት ተራ ያስይዛል። ሠርግ ቤት ወጥ ይዛ የምትገባውንና ባዶ ትሪ ይዛ የምትወጣውን ድንኳኑ በር ላይ ያስተላልፋል። ማንም ሳይሾመው ተሹሞ፣ ማንም ሳያመሰግነው ላቡን ጠርጎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሌላ ከተማ ያለው እንዲህ የሚነዘንዘው በነፃ ነው። የደብረ ማርቆሱ ግን ደመወዝ ይከፈለዋል።

ክቡር አቶ አለበል፣ የደመናው ምስለኔ፣ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ናቸው። ከተማው ዳር ባለችው አነስተኛ ማረፊያ ማማ ላይ ሆነው ትንንሽ አውሮፕላኖች እንዳይነካኩ ይጠብቃሉ። ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው፤ አንዱ ከላይ ይቆያል፣ አንዱ ከታች ይገባል፣ በመካከላቸው አንድ ሺህ ጫማ ይኖራል። ራዳር በሌለበት ግን ይህ ሁሉ የሚሠራው በዓይን፣ በጆሮና በሬዲዮ ነው። «ሰማይ ሰፊ ነው የሚል ሰው ሰማይ ላይ ሠርቶ አያውቅም» ይላሉ አቶ አለበል። «የሁሉም መጨረሻ ወደዚችው አንድ አስፋልት ነው።»

ችግሩ ማማውን ወርደውም ከማማው አለመውረዳቸው ነው። ደምበጫ ገበያ የሄዱ ቀን መስቀለኛው መንገድ ላይ ፈረስና ባጃጅ ተፋጠው ቢያዩ ጃንጥላቸውን ከፍ አድርገው መሀል ገቡ።

«ፈረሱ ይለፍ! ባጃጅ፣ ባለህበት!»

«ጌታዬ፣ ትራፊክ ነዎት እንዴ?» አለ ሹፌሩ።

«ከዚያም የባስኩ ነኝ። ባለህበት ብያለሁ፤ ድገምልኝ!»

ሹፌሩ ግራ ገብቶት «ባለሁበት» ብሎ ደገመ። ፈረሱ አለፈ፣ መንገዱም ተከፈተ። ሰውን የሚያናድደውም ይኸው ነው፤ ነገሩ ይሠራላቸዋል።

«ድገምልኝ» ይህችው ቃል የሰፈር ስማቸው ሆና ቀርታለች። አብራሪ የታዘዘውን በገዛ አፉ መልሶ ካልተናገረ እንደሰማ አይቆጠርም፤ የሥራው ሕግ ነው። አቶ አለበል ሕጉን ጎረቤታቸው ሐጂ ሱሩር ጨርቅ ቤት ድረስ ይዘውት ይሄዳሉ።

«ሐጂ፣ ከዚህ ከሰማያዊው ሦስት ሜትር።»

«እሺ።»

«እሺ መልስ አይደለም። ድገምልኝ።»

«ያ አላህ! ሦስት ሜትር!»

«ከየትኛው?»

ሐጂ ሱሩር መቀሱን አስቀምጠው ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። ግድግዳ ከሚጋሩት ሰው ጋር መጣላት አይቻልም።

ባለቤታቸው እትዬ ወለተ ኢየሱስም ከዚህ አላመለጡም። ገበያ ሊሄዱ በተነሡ ቁጥር «በየት በኩል? መቼ ትመለሻለሽ?» ይጠየቃሉ። አንድ ቀን ቢሰለቻቸው «በሮብ ገበያ ዞሬ፣ ጮቄ ተራራ ላይ አድሬ እመለሳለሁ» አሉ። አቶ አለበል ከልባቸው «እዚያ ከፍታ ላይ ይበርድሻል፤ ጋቢ ያዢ» ብለው ጋቢውን አመጡላቸው።

ይህ ሁሉ ይቅር ይባል ነበር። ሰፈሩ ይቅር ያላላቸው የልቅሶ ቤቱን ነው። ጎጃም ውስጥ ሁለት ትልልቅ ሰዎች አንድ በር ላይ ከተገናኙ የሚሆነው የታወቀ ነው። «ይግቡ።» «ኧረ እርስዎ ይግቡ።» «በሞቴ!» «እኔ ልሙት፣ አልቀድምም!» ያን ቀን ድንኳኑ በር ላይ የተግደረደሩት አንድ መሪጌታና አንድ ጡረተኛ ዳኛ ነበሩ፤ ከኋላቸው ሕዝቡ በዝናብ ይበሰብሳል። አቶ አለበል ከሕዝቡ መሀል ወጡ። «መሪጌታ ይግቡ። ዳኛ ይቆዩ። በቃ፣ አሁን እርስዎ።» ሕዝቡ ከዝናብ ዳነ። ዳኛው ግን በዚያው አኮረፉ፤ ሰፈሩም «ይሉኝታ ያልፈጠረበት ሰው!» ብሎ ፈረደባቸው።

ፍርዱን ከማንም በላይ ያጸደቀችው ሰልሰቢል ናት። የሐጂ ሱሩር ልጅ ናትና ቤት ስትሆን የአቶ አለበልን ሳል በግድግዳው ትሰማለች፤ ሥራ ላይ ደግሞ የእሳቸው ሠልጣኝ ናት። «ብቻዋን ትሥራ» ብሎ የመፍቀዱ ሥልጣን የእሳቸው ነው፤ እሳቸው ግን እስካሁን አላሉም። ክረምቱ እስኪወጣ ካላሉ ሥልጠናው ይሰረዝና ወደ ጨርቅ ቤቱ ትመለሳለች። አባቷ ደግሞ «ልጄ ሰማይ ልታዝ ነው» ብለው እስከ አማኑኤል ከተማ ላለ ነጋዴ ሁሉ አውርተው ጨርሰዋል።

የጎደላት እውቀት አልነበረም። የጎዳት ጨዋነቷ ነው።

«ካፒቴን፣ ከተመቸዎት ትንሽ ከፍ ቢሉልኝ…» ብላ ስትጀምር አቶ አለበል ከኋላዋ ይንጨረጨራሉ።

«ሱቅ የገባ ደንበኛ መሰለሽ? አንቺ ስትለማመጪ ነዳጁ አይጠብቅም! ሰማይ ላይ መግደርደር የለም። ድገሚልኝ!»

«ሰማይ ላይ መግደርደር የለም፣ ጋሽ አለበል።»

በአፏ ትደግመዋለች። በሆዷ ግን «ምነው በቀየሯቸው!» ትላለች።

ሐምሌ ላይ አንድ ቀን፣ ከጮቄ የወረደው ደመና ሮብ ገበያን ዋጠና ወደ ማረፊያው ይሳብ ጀመር። በአማኑኤል በኩል ሁለት ትንንሽ አውሮፕላኖች እየመጡ ነበር። ፊተኛዋ ቢጫ ናት፤ ክትባት ጭናለች፤ አብራሪዋ ፈሐድ የሚባል ወጣት ነው። ኋለኛዋ ነጭ ናት፤ የመሬት ቅየሳ ባለሙያዎች ይዛለች፤ የሚያበሯት ካፒቴን ፍቅረ ሥላሴ ናቸው፣ ፈሐድን ማብረር ያስተማሩት። ማይክሮፎኑ በሰልሰቢል እጅ ነው። ቢጫዋ ከታች ቀድማ እንድትገባ፣ ነጯ አንድ ሺህ ጫማ ከላይ እንድትቆይ አዘዘች። እስከዚህ ድረስ መልካም ነበር።

የሬዲዮው ወግ በእንግሊዝኛ ነው፤ የአገር ሰው ከአገር ሰው ሲገናኝ ግን ወጉ ይረሳል።

«ከኋላዬ ያሉት ካፒቴን ናቸው እንዴ?» አለ ፈሐድ። «ታዲያ እሳቸው ይቅደሙ እንጂ! እኔ ዞር ብዬ እጠብቃለሁ።»

«የለም ልጄ፣ ቀድመሃል፣ ግባ» አሉ ካፒቴኑ።

«ወላሂ አልገባም፣ ካፒቴን!»

«ማርቆስን! ግባ ብያለሁ።»

ሰልሰቢል ማይክሮፎኑን እንደያዘች ቀረች። ትልቅ ሰው ሲናገር ማቋረጥን ከአባቷ ቤት አልተማረችም። ሲጨርሱ እናገራለሁ ብላ ጠበቀች። ፈሐድ ለመምህሩ መንገድ ሊለቅ ወደ ጎን ዞረ፤ ደመናው ደረሰና ሁለቱንም ከዓይን ሰወራቸው። ከዚያ ሬዲዮው ሲጥ አለ። በአንድ መስመር ሁለት ሰው እኩል ሲናገር የሚሰማው ጩኸት ብቻ ነውና አንዱም የሌላውን አልሰማም።

ሰልሰቢል ግን ምን እንዳሉ አወቀች። በር ላይ የቆመ የአገሯ ሰው ብዙ ከተግደረደረ በኋላ የሚያደርገውን ከልጅነቷ ጀምሮ ስታይ ኖራለች፤ ሁለቱም እኩል «እሺ፣ ከማስቀይምዎ» ይሉና እኩል ይገባሉ፤ ትከሻ ለትከሻ ይጋጫሉ፤ ተሳስቀው ያልፋሉ። አሁንም ካፒቴኑ እሺ ብለው እየወረዱ ነው። ፈሐድም እሺ ብሎ እየተመለሰ ነው።

የአቶ አለበል እጅ ወደ ማይክሮፎኑ ተዘረጋ። እሷ ገፋችውና ቀደመቻቸው።

«ካፒቴን ፍቅረ ሥላሴ፣ መውረድ ያቁሙ! ወደነበሩበት ይውጡ! ይድገሙ!»

የማይክሮፎኑን ቁልፍ ዳግም ተጫነች።

«ካፒቴን፣ ይድገሙ!»

«አቁሜያለሁ… ወደነበርኩበት እየወጣሁ ነው።»

«ፈሐድ፣ ያለህበትን ከፍታ እንዳትለቅ! ወደ ደቡብ ዙርና ከደመናው ውጣ። ድገም!»

«ከፍታዬን አልለቅም። ወደ ደቡብ እዞራለሁ።»

ደመናው ለአፍታ ተሰነጠቀ። «ቢጫዋን አየኋት» አሉ ካፒቴኑ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ከሥሬ ናት።» ከዚያ በኋላ ማንም ማንንም አልለመነም። ደመናው ሲያልፍ ቢጫዋ ገባች። ነጯም እስክትጠራ ቆይታ ገባች። ከቀያሾቹ አንዱ ሜዳው ላይ ቆሞ፣ ከምን እንደተረፈ ሳያውቅ፣ እየሳቀ ስልክ ያወራ ነበር።

ሰልሰቢል ማይክሮፎኑን አስቀመጠች። ጥፋቷን ታውቀዋለች።

«ሲግደረደሩ ዝም ብለሽ ሰማሽ» አሉ አቶ አለበል።

«አዎ፣ ጋሽ አለበል።»

«ገና ወላሂ ሲል ነበር ማቋረጥ።»

«አዎ።»

«ደግሞ የኔን እጅ ገፋሽ።»

ይቅርታ ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው። «ጊዜ አልነበረም» አለች።

አቶ አለበል የምሳ ዕቃቸውን ከጥግ አነሡ። እሳቸው ሥር የሠለጠነ ሁሉ እንደሚመሰክረው፣ እኚህ ሰው ሠልጣኝ ማይክሮፎን በያዘ ጊዜ ቁራሽ ቀምሰው አያውቁም፤ ከኋላ ቆመው ማጅራቱ ላይ ይተነፍሳሉ እንጂ። አሁን ወንበር ሳቡ። ጀርባቸውን ለመስኮቱ፣ ለአስፋልቱና ለሰማዩ ሁሉ ሰጥተው ተቀመጡ። ክዳኑን ከፍተው እንጀራቸውን ቆረሱ። ሰልሰቢል ያን ጀርባ ስታይ ዕንባዋ መጣ፤ እኚህን ነዝናዛ ሰው ለካ እንደ አባቷ ትወዳቸው ኖሯል።

ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ። በደምበጫ በኩል ሌላ ትንሽ አውሮፕላን ማማውን እየጠራ ነው። ሰልሰቢል ዞር ብላ አየቻቸው። እሳቸው አልዞሩም።

«እኔን ምን ታዪኛለሽ?» አሉ፣ እንጀራቸውን እየጠቀለሉ። «የተጠራሽው አንቺ ነሽ።»