ታጥቦ ይታያል

ተመራማሪ ሁሉ ሥራውን ቤቱ ይዞ ይመጣል፤ የባሰበት ደግሞ ጎረቤት ቤት ይዞ ይገባል። ለእኛ ግቢ የደረሱን የባሰባቸው ናቸው።

ክቡር አቶ ሣህሉ የጨርቅ ላቦራቶሪ ውስጥ ይሠራሉ። ፖሊመር የሚሉትን፣ ባክቴሪያ የሚገድል ስስ ሽፋን ጥጥ ላይ ይቀባሉ። መግደሉስ ቀላል ነው፤ ጭንቁ ሽፋኑ በእጥበት እንዳይለቅ ማድረጉ ነው ይላሉ። ስለዚህ የሰፈሩን ሸሚዝና ሽርጥ ሰብስበው፣ ቀብተው መለሱልን፤ አንድ የቀቡትን አንሶላ ግን ለራሳቸው ሙከራ አስቀሩ። ከዚያ ወዲህ ሰላም የለንም። (በድሬዳዋ ደንብ ፊት ለፊት አንተ እንባባላለን፤ አንቱ የምላቸው ስናደድ ነው።)

በዚያ ሙቀት ከሥራ ስመለስ በር ላይ ይጠብቁኛል።

"እጅህን አንሳ!"

አፍንጫቸው ብብቴ ውስጥ ይገባል። ዓይናቸውን ጨፍነው ያስባሉ። "ዛሬ ምንም አይልም። ግን ታጥቦ ይታያል።" ሽቶ ክልክል፣ በረኪና ክልክል! አንድ ቀን እንኳ "ጥሩ ነው" ብለው አያውቁም።

መጋላ ገበያ ሱቅ ያለው ዐብዲሐኪም፣ ደንበኞቹ ፊት ሽርጡን ሲያሸቱበት፣ "አቦ ሣህሉ! ወላሂ ሚስቴ እንኳ እንዲህ አሽታኝ አታውቅም" አላቸው። እሳቸው ጠርዙን በአጉሊ መነጽር ያዩ ነበር።

ባለፈው ወር ባለቤቴ ፍቅርአዲስ በቀዶ ጥገና ልትወልድ ሆነ። ሆስፒታል አንሶላ ከቤት ይዘን ነው የምንገባው። ቁስሏ እንዳያመረቅዝ ፈራሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔው የአቶ ሣህሉን በር አንኳኳሁ።

"ያን የቀባኸውን አንሶላ ስጠኝ።"

"አልሰጥህም።"

"ሽርጥ ስትቀባ ማን ለመነህ?"

"ሽርጥ ሌላ ነው። አንሶላውን ትናንት ሳጥበው ሽፋኑ ለቀቀ። የሚለቀው ነገር ቁስል ላይ ምን እንደሚሠራ አላውቅም። ፍቅርአዲስን መሞከሪያ አላደርግም።"

በሩን ወርውሬ ዘግቼ ወጣሁ። ከሰዓት ስመለስ ክቡርነታቸው የእኛኑ አሮጌ አንሶላ ሳይጠይቁ ከገመድ አውርደው፣ በርሜል ውስጥ አፍልተው፣ በፀሐይ አድርቀው፣ በሁለቱም በኩል እየተኮሱ ነው። እጃቸው በእንፋሎት ቀልቷል።

"ይሄ የታወቀ ዘዴ ነው። ውሰድ።"

ፍቅርአዲስ ሴት ልጅ ታቅፋ በሰላም ወጣች፤ ቁስሏም ደረቀ። አቶ ሣህሉ እንኳን ማርያም ማረችሽ ሊሉ መጡ። ሕፃኗን መረቁ፤ እኔ የቀቡልኝን ሸሚዝ ለብሼ ቆሜ እያዩ፣ ሳያሸቱኝ ወደ በሩ አመሩ። አንጀቴን በሉት።

"ሣህሉ!" አልኩና እጄን ወደ ላይ አነሳሁ።

መጥቶ ቀስ ብሎ አሸተተ። "ይሸታል" አለ፣ ፊቱ ጠቁሮ።

"እንደገና ቀባዋ!" ብዬ ሸሚዜን አውልቄ ሰጠሁት።