ተቀምጦ የሚሠራ ስፖርት

በየሰፈሩ፣ ሌላው ሰው ሲተኛ እሱን የሚያመው አንድ ሰው አይጠፋም። በድሬዳዋ፣ ለመጋላ ሰፈሯ ጠባብ መንገድ የደረሷት ክቡር አቶ ኒቆዲሞስ ናቸው፤ የባቡር ጥገና ጡረተኛ፣ በገዛ ሹመታቸው የሰፈሩ የስፖርት አዛዥ። አሥር ዓመት ሙሉ በደረቁ ወንዝ አሸዋ ላይ ሮጠው ሲመለሱ በየመስኮቱ «ተነሡ! ደም ይዙር!» ብለዋል። አንድም ሰው ተነሥቶላቸው አያውቅም።

አንድ ጠዋት ደጃፋቸው ላይ ጫማቸውን ሲያወልቁ ካልሲው በደም ርሷል። የጠርሙስ ስባሪ ሶሉን በስቶ ገብቷል።

«ያ አላህ! አያምህም እንዴ?» ብላ ጮኸች ታይዋን በሚባለው ገበያ ልብስ የምትሸጠው ጎረቤታቸው ቱሪያ።

«ምኑ?» አሉ እሳቸው።

ለወራት እግራቸውን ሲለበልባቸው በድሬ ሙቀት ሲያሳብቡ ከርመዋል። ሐኪሟ ግን «ስኳሩ ነርቭዎን ጎድቶታል፤ አብሮዎት የሚኖር ነው። ሩጫው ይቅር፣ እንቅስቃሴው ግን አይቅር» አለቻቸው። አቶ ኒቆዲሞስ የሰሙት «ሩጫው ይቅር» የሚለውን ብቻ ነው። ቤት ገብተው በር ዘጉ። ሰፈሩ ሦስት ሳምንት እንደልቡ ተኛ።

በአራተኛው ቱሪያ በሩን በርግዳ ገባች።

«አንተ ኒቆ! ዝም ስትል እኮ ወላሂ እንቅልፉም አልጣመኝም።»

«በምን እግሬ ልሩጥ?»

«ማን ሩጥ አለህ አቦ? ተቀምጠህ ሥራ!»

ስድብ መሰላቸው። በማግስቱ ግን ወንበር አወጡ። ሐኪሟ እንዳዘዘችው የጫማቸውን ውስጥ በእጃቸው ዳበሱና አጠለቁ። ተቀምጠው ጉልበት አነሡ፣ ቁርጭምጭሚት አዞሩ፤ ከዚያ ግድግዳ ይዘው ተረከዛቸውን ከፍ አደረጉ። ተንገዳግደው ግድግዳውን አቀፉት። በሁለተኛው ሳምንት በሁለት ጣት ብቻ ነኩት።

ተቀምጦ የሚሠራ ስፖርት መኖሩን የሰማ ሁሉ መምጣት ጀመረ። ቱሪያ በርጩማዋን ይዛ፣ ባለባጃጁ ዋርሳን የኋላ ወንበሩን ነቅሎ። ሩጫ ያላስነሣው ሰፈር በወንበር ተነሣ!

በሦስተኛው ወር ክቡርነታቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው፣ ያለ ድጋፍ አሥር ጊዜ ከወንበር ሊነሡ ቆረጡ። ዋርሳን በሶማልኛ፣ ቱሪያ በኦሮምኛ፣ የቀረው በአማርኛ ቆጠረ። ስምንት ላይ ጉልበታቸው ተንቀጠቀጠ። ዘጠኝ ላይ መንገዱ ትንፋሹን ዋጠ። አሥር! ቀጥ ብለው ቆሙ፤ እልልታው ቀለጠ።

ፈገግ እያሉ ተቀመጡ።

«ማን እረፍ አለህ?» አለች ቱሪያ፣ ዐይኗን እየጠረገች። «አሥራ አንድ!»

አቶ ኒቆዲሞስ ተነሡ።