የሊፍት በር በእርግጫ አይከፈትም

[ጠባብ ክፍል፣ እሑድ ጠዋት። ጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተር፣ ካሜራና ክብ መብራት። አዲስ የሚወጡ የኮምፒውተር ጌሞችን ማስታወቂያ እያየ በካሜራ ፊት የሚተነትነውን ሰው ተመልካቾቹ «ሊቁ» ይሉታል። አልጋው ጫፍ ላይ የእህቱ ባል፣ ሊፍት ሠሪው፣ በሥራ ልብሱ ተቀምጦ ስልኩን በአንድ ጣቱ ይነካካል። ስክሪኑ ላይ አንድ ጀግና የሊፍት በር ሲራገጥ ምስሉ ቆሟል።]

ሊፍት ሠሪው: አይከፈትም አልኩህ!

ሊቁ: ተከፈተ እኮ! እያየኸው!

ሊፍት ሠሪው: የሊፍት በር በእርግጫ አይከፈትም። የሚሰበረው እግሩ ነው። ነግሬያቸው ነበር።

ሊቁ: ጋሼ፣ ባለ ሦስት ራስ ጭራቅ እያባረረው ላንተ የታየህ በሩ ነው?

ሊፍት ሠሪው: ጭራቅ ምኔ ነው? በር ነው የማውቀው።

ሊቁ: እሺ ስማኝ። ይሄ «ሰማንያ ሰባተኛው ፎቅ» ይባላል፤ ትናንት ነው ይፋ የሆነው። ገበያ ላይ ሳይውል አሥር ሰው መርጠው ያስሞክራሉ። አራት ጊዜ አመለከትኩ፤ አንድም መልስ የለም። እነዚያ አሥር ውስጥ ካልገባሁ ሰው አይደለሁም!

ሊፍት ሠሪው: ወደኸዋላ።

ሊቁ: [ካሜራው አለመብራቱን አይቶ፣ በሹክሹክታ] አሥራ ዘጠኝ ጊዜ አየሁት። አሥረኛው ላይ አለቀስኩ።

ሊፍት ሠሪው: ታዲያ እሱን ለሰው ንገር።

ሊቁ: አብደሃል እንዴ? የወደደን ሰው ማን ያየዋል? አዲስ ጌም ሲታወጅ ቀድሞ ያጥላላ ነው አዋቂ የሚባለው። «ጥሩ ነው» ያልኩ ቀን አበቃልኝ! [ካሜራውን ያበራል፤ ድምፁ ይለወጣል] ወገኖቼ! ለመጀመሪያ ጊዜ አብረን ልናየው ነው!

ሊፍት ሠሪው: ሃያኛህ አይደለም እንዴ?

ሊቁ: [ካሜራውን አጥፍቶ] ጋሼ! ደግመህ ብታወራ ለእህቴ ነው የምነግራት። ዝም ብለህ ስልክህን ነካካ።

ሊፍት ሠሪው: የሥራ ቅጽ ነው የምሞላው፤ አላስቸግርህም። ብቻ እስቲ፣ ምስሉን ስታየው ምን አልክ?

ሊቁ: [መልሶ እያበራ] ምስሉማ አስደናቂ ነው! እንዲህ ያለ ነገር ዓይኔ አይቶ አያውቅም! ነገ ዓይኔን ሐኪም ቤት እወስደዋለሁ።

ሊፍት ሠሪው: [እየጻፈ፣ በቀስታ] አስደናቂ ነው... ዓይኑ... አይቶ... አያውቅም።

ሊቁ: ታሪኩስ! ሰውየው ወደ ላይ መሄድ ፈለገ፤ ሊፍት ገባ፤ ወደ ላይ ሄደ። ኧረ ምን ዓይነት ጥልቀት ነው! ይሄን ፈላስፋ እንጂ ሰው አልጻፈውም።

ሊፍት ሠሪው: ታሪኩ... ጥልቅ። ፍልስፍና... አለበት።

ሊቁ: ፍጥነቱንማ ተዉት! በሩ እስኪዘጋ አግብቼ፣ ወልጄ፣ ልጄን ድሬ እመለሳለሁ።

ሊፍት ሠሪው: ትዳር... አሳሰበው። ጎሽ፣ እህትህ ስትሰማ ደስ ይላታል።

ሊቁ: [ጆሮ ሳይሰጠው ምስሉን አቁሞ] እዚህ ጋ! አሥራ አራተኛው ሰከንድ! ግድግዳው ላይ ቀጭን ጥላ ታያላችሁ? ማንም ያላስተዋለውን ልንገራችሁ፤ ይሄ የጭራቆቹ ንጉሥ በትር ነው!

ሊፍት ሠሪው: መወልወያ ነው።

ሊቁ: ምን?

ሊፍት ሠሪው: የጽዳቷ መወልወያ። ሊፍቱን ፎቶ ሲያነሱ ወለሉ ላይ ዘይት ፈሶብኝ ነበር፤ እኔው ነኝ እዚያ ያስደገፍኩት። ጫፉ ተሰብሯል፤ ልብ ብለህ እየው።

ሊቁ: [አሳድጎ ያያል፤ ተሰብሯል] የተሰበረ በትር! ወገኖቼ፣ ንጉሡ ተሸንፏል ማለት ነው!

ሊፍት ሠሪው: እግዚኦ።

ሊቁ: ድምፁ ደግሞ የውሸት ነው። ስሙት! የትኛው ሊፍት ነው እንዲህ የሚያቃስተው?

ሊፍት ሠሪው: ሊፍቱ መች አቃሰተ? እኔ ነኝ። ጎንበስ ስል ወገቤን ሲይዘኝ ቀዱኝ።

ሊቁ: [ካሜራውን ቀስ ብሎ ያጠፋል] ማን ነው የቀዳህ?

ሊፍት ሠሪው: ልጆቹ ናቸዋ። እኔ የምጠግንበት ሕንፃ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ጌም ይሠራሉ። አንድ ቀን ሊፍቱ ውስጥ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቆለፉ። ይሄን ጌም እዚያው ተቀምጠው ነው ያሰቡት። ጭራቁንም እኔን እያሰቡ ነው የሳሉት አሉኝ፤ ዘግይቼ ስለደረስኩ። ሦስት ራስ እንደሌለኝ ነግሬያቸዋለሁ።

ሊቁ: [ወደ ስልኩ ጠጋ ብሎ] እና... ያ ቅጽ?

ሊፍት ሠሪው: «ጌም የሚችል ዘመድ ካለህ፣ ሲያየው የሚለውን ጽፈህ ላክልን፤ አሥረኛው ሰው እሱ ይሆናል» አሉኝ። ይኸው እየሞላሁልህ ነው።

ሊቁ: [ከወንበሩ ተንሸራቶ] ያልኩትን ሁሉ ጻፍከው?

ሊፍት ሠሪው: ዋና ዋናውን አንድም አላስቀረሁ።

ሊቁ: ጉዴ ፈላ! ሰርዘው! ጋሼ፣ ከልቤ አይደለም፤ ለተመልካች ብዬ ነው! ሽሙጥ ነው!

ሊፍት ሠሪው: ቆይ፣ የጻፍኩትን ላንብብልህና...

ሊቁ: አታንብብብኝ! መስማትም አልፈልግም! ሁሉም ሽሙጥ ነው!

ሊፍት ሠሪው: እርግጠኛ ነህ?

ሊቁ: እህቴ ትሙት!

ሊፍት ሠሪው: ሚስቴን ተዋት። በራስህ ማል።

ሊቁ: እኔ ልሙት! አንዷም ቃል ከልቤ አልወጣችም!

ሊፍት ሠሪው: እንግዲህ ምን አደርጋለሁ። የመጨረሻው ጥያቄ እሱው ነበር፤ «የተናገረው ከልቡ ነው?» ይላል። [ስልኩን ይነካል] አይደለም። [ደግሞ ይነካል] ሄደ።

ሊቁ: [ላቡን እየጠረገ] ተመስገን! ለጥቂት ተረፍኩ። በል አሁን ምን ብለህ ጽፈህ እንደነበር አንብብልኝ።

ሊፍት ሠሪው: «ምስሉ አስደናቂ ነው፤ ዓይኑ እንዲህ ያለ አይቶ አያውቅም። ታሪኩ ጥልቅ ነው፤ ፍልስፍና አለበት። ሲያየው ትዳር አሳሰበው። መወልወያውን ሳይቀር ወዷል።»

ሊቁ: [ራሱን በሁለት እጁ ይዞ] ይሄ እኮ ምስጋና ነው!

ሊፍት ሠሪው: ነበር።

ሊቁ: መልሰው! በፈጠረህ መልሰው!

ሊፍት ሠሪው: የሄደ አይመለስም። ላንብብልህ ብልህ እምቢ አልክ።

ሊቁ: ቆይ ግን ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ ሳሽሟጥጥ እንዴት አይገባህም? ምን ዓይነት ሰው ነህ?

ሊፍት ሠሪው: እንዴት አይገባኝ? አሥረኛው ላይ አለቀስኩ ስላልከኝ፣ አሳዝነኸኝ ነው አስተካክዬ የጻፍኩልህ። [የመሣሪያ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወደ በሩ እየሄደ] ሃያ ሁለት ዓመት ሊፍት ጠገንኩ። ሁለት ሰዓት ተቆልፎ የቆየ ሰው በሩን ስከፍትለት «ምነው ቸኮልክ?» ነው የሚለኝ። ሽሙጥ ካንተ ልማር?