ዘጠኝ ሰው አይበቃም ብለን የከሰስንበት እሑድ

የመረዳጃ ማኅበሩ የሮተርዳም ቅርንጫፍ ምክር ቤት አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ እሑድ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቦታ፦ ዴልፍስሃቨን፣ የተከራየነው አዳራሽ
የተገኙ፦ ከሃያ አንድ አባላት አሥራ አንድ። ሰብሳቢ አቶ አሳምነው፤ ገንዘብ ያዥ አቶ ሽባባው፤ የአጎራባቿ የስኪዳም ከተማ ተወካይ ወ/ሮ ፋናዬ፤ የወጣቶች ተወካይና የሕግ ቢሮ ሠራተኛ ወ/ት ሳሌም፤ ሌሎች ስድስት አባላት፤ ጸሐፊ አቶ አድማሴ (ዘግይተው በመምጣታቸው የተመደቡ)።
በታዛቢነት፦ ወ/ሮ ወለተሥላሴ፣ የስኪዳም አዛውንት።

ምልዓተ ጉባኤው የሚሞላው በአሥራ አንድ ሰው በመሆኑ፣ አቶ ሽባባው መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ከሚዞሩበት በስልክ ተጠርተው ሲገቡ ስብሰባው ተጀመረ።

አጀንዳ 1፦ የዘ ሄግ ደብዳቤ

ሰብሳቢው እንዳስረዱት፣ ዘ ሄግ የሚገኘው የበላይ ቦርድ የቅርንጫፉ ምርጫ ተጀምሮ የዕጩዎች ፎቶ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ በኋላ የምክር ቤታችንን ወንበር ከሃያ አንድ ወደ ዘጠኝ ቀንሷል። የስኪዳም ወንበር ጭራሽ ይጠፋል። የቦርዱ ምክንያት "ቅርንጫፉን ያቋቋምነው እኛ ነን፤ ያቋቋምነውን ማሳጠርም መብታችን ነው" የሚል ነው።

ወ/ሮ ወለተሥላሴ እንዲናገሩ ተፈቅዶላቸው፣ "ልጆቼ፣ ሐሙስ የዓይን ቀዶ ጥገና አለኝ። በማኅበሩ መኪና የምታመላልሰኝ፣ ለሐኪሙም የምታስተረጉምልኝ ፋናዬ ናት። ቁልፉ የሚሰጠው ለተወካይ ብቻ ነው ትላላችሁ። ወንበሯን ከወሰዱባት እኔን ማን ይወስደኛል?" ሲሉ ጠየቁ። ጥያቄው እጅግ ተገቢ ሆኖ ስለተገኘ ወደ "ልዩ ልዩ ጉዳዮች" ተዛወረ።

አጀንዳ 2፦ ቦርዱን ስለመክሰስ

ከረጅም ውይይት በኋላ ቦርዱ በሮተርዳም ፍርድ ቤት እንዲከሰስ በሙሉ ድምፅና በጭብጨባ ተወሰነ።

ወ/ት ሳሌም ለክሱ ቢያንስ አንድ ሰው ስሙን አስፍሮ መፈረም እንዳለበት ገልጻ፣ ሰብሳቢውን "አንተ ፈርም" አለች። አቶ ሽባባው "አንተ" የሚለው እንዲታረም ጠየቁ። ወ/ት ሳሌም "እርስዎ ፈርም" ብላ አረመች። እርማቱ በግማሽ ተቀባይነት አገኘ።

ሰብሳቢው "አቶ ሽባባው እያሉ እኔ አልቀድምም" አሉ። አቶ ሽባባው "ኧረ በስመ አብ፣ እርስዎ እያሉ" አሉ። እስክሪብቶው በዚህ አኳኋን ጠረጴዛውን ዞረ። በኋላ እንደተጣራው፣ የቦርዱ ሊቀ መንበር አቶ ማዕረግ እዚህ ለተቀመጥነው ሁሉ ማለት ይቻላል ልጆቻችንን ክርስትና አንሥተውልናል። አበልጅን ፍርድ ቤት የገተረ ሰው በጥምቀት ቀን የት ይቆማል? ጸሐፊው እስክሪብቶው ሲደርሳቸው ቃለ ጉባኤ በመጻፍ ላይ ነበሩ።

ወ/ሮ ፋናዬ "እኔ አበልጁ አይደለሁም፤ ስጡኝና ልፈርም" አሉ። ነገር ግን የሚጠፋው ወንበር የእሳቸው ስለሆነ የግል ጥቅም አለባቸው ተብሎ አልተፈቀደም። በምትኩ በከሳሽ ስም ቦታ ላይ "እኛ" ተብሎ እንዲጻፍ ተወሰነ።

አጀንዳ 3፦ ድንገተኛ

ወ/ሮ ፋናዬ ቦርሳቸውን አንሥተው፣ "ለመኪናው ስፈለግ ተወካይ ነኝ፤ ለፊርማው ስሆን ባለጉዳይ። እማማ፣ ይነሡ፣ ሳይመሽ ላድርስዎት" ብለው ወ/ሮ ወለተሥላሴን ይዘው ወጡ።

ወ/ት ሳሌም የቀረነው አሥር ስለሆንን ምልዓተ ጉባኤው መፍረሱን አስታወቀች። ከረጅም ውይይት በኋላ "ምክር ቤቱ በዘጠኝ ሰውም ቢሆን ሥራውን በሚገባ መሥራት ይችላል" የሚል ውሳኔ በዘጠኝ ድምፅ አለፈ።

የተቃወመችው ወ/ት ሳሌም በሆላንድኛ አንድ ነገር ተናገረች። በአማርኛ እንድትደግመው ስትጠየቅ፣ "እንግዲያው ዘ ሄጎች ልክ ናቸው ማለት ነው" አለች። ሰብሳቢው ይህ በቃለ ጉባኤ እንዳይሰፍር አሳሰቡ። ማሳሰቢያቸው ሰፍሯል።

አጀንዳ 4፦ ልዩ ልዩ ጉዳዮችና የመጨረሻ ውሳኔ

1. የወ/ሮ ወለተሥላሴ ጥያቄ፣ ጠያቂዋ በስብሰባው ላይ ባለመገኘታቸው ተዘግቷል።
2. ዘጠኝ ሰው ይበቃል ካልን ዘጠኝ ሰው አይበቃም ብሎ መክሰስ ስለሚያሳፍር፣ ክሱ ተሰርዟል።
3. ዘጠኝ ሰው ይበቃል የተባለውም ምልዓተ ጉባኤ ሳይሟላ ስለሆነ ተሰርዟል።
4. ስለዚህ ዛሬ ምንም አልተወሰነም። ለአቶ ማዕረግ ሰላምታ ይድረሳቸው።

ስብሰባው ከምሽቱ 12 ሰዓት ተበተነ። ካፖርት እየተለበሰ ሳለ የመኪናው ቁልፍ በወ/ሮ ፋናዬ ቦርሳ ውስጥ እንደሄደ ሰብሳቢው አስታወሱ። ቁልፉን ማን ሄዶ ይቀበላቸው በሚለው ላይ አባላቱ "እርስዎ እያሉ" "ኧረ እርስዎ እያሉ" ተባብለው ወደየቤታቸው ሄዱ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቁልፉ እስከ ሐሙስ እዚያው ነው።