ጥንቸል ያኮላሹት ጀግና

አንባቢ ሆይ፣ የማያውቀው ሙያ የሌለ ሰው ጎረቤት ሆኖብዎት ያውቃል? እኔ ከመንዝ ተሰድጄ ደብረ ማርቆስ በኖርኩበት በጣሊያን ዘመን፣ አጥር የሚያገናኘን የአንድ ጣሊያን መኮንን አሽከር አቶ ደምሌ ነበሩልኝ።

መኮንኑ የሚሳሳላቸው ሁለት ጥንቸሎች ነበሩት። አጥሬን ሾልከው ለሁዳዴ የተከልኩትን ጎመን ይግጡብኛል። ክርስቲያን አይበላቸው፣ የመኮንኑ ናቸውና ማንም አይነካቸው፤ ጭራሽ ከተዋለዱማ በምን ልጾም ነው? ለሴት አፍ ነውር ቢሆንም፣ «እባክዎ ጋሼ፣ ወንዱን እንኳ ያኮላሹልኝ» ብዬ ለመንኳቸው።

«አንቺ መንዜ! የአምበርን አገር ወይፈን ሁሉ ሰንጋ ያደረግሁት እኔ አይደለሁም?» አሉ።

ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ትልቁን ጥንቸል «ወንዱ ይኸ ነው» ብለው መረጡ፤ እንደ በሬ በጠፍር አሰሩት፤ አራት ጎልማሳ እግር እግሩን አስያዙና ድንጋይና ዱላ አቀረቡ። ጥንቸሉ ግን ጉንጫቸውን ቧጭሮ አመለጠ። እሳቸው ደማቸውን እየጠረጉ፣ «ጨርሼው ነው የሮጠ!» ብለው ፎከሩ፤ መኮንኑም ዘንድ ገብተው ሙያቸውን አወሩ።

ብዙም ሳይቆይ ያ «ኩልሽ» በመኮንኑ አልጋ ላይ ልጆቹን ወልዶ ተገኘ። አልጋው የተበላሸበት መኮንን ጥንቸሎቹን በሙሉ በረት አስገብቶ አስዘጋባቸውና፣ አቶ ደምሌ በየቀኑ ሣር እንዲያጭዱላቸው ፈረደ።

ጎመኔ ለሁዳዴ ደረሰ። በማርያም ስም ቀልጄ አላውቅም፤ አቶ ደምሌ ሣር ተሸክመው በደጄ ሲያልፉ ግን አፌን መያዝ አቃተኝ። «ጋሼ፣ እንኳን ማርያም ማረችዎ!» አልኩ፤ ሰፈሩ በእልልታ ቀለጠ።