ጿሚው ቦምቦላ

ተው ባይ የሌለበት አገር የለም። ገበያ ብትወጡ፣ ማኅበር ብትጠጡ፣ ሬሳ ብትቀብሩ እንኳ ከጥግ ብድግ ብሎ «ተው፣ እንዲያ አይደለም» የሚል ሰው አይታጣም። የእኛ የቢቸናው ግን ከሁሉም ይበልጣሉ፦ በጃንሆይ ዘመን የጋራዡ ዕቃ ቤት ጠባቂ የነበሩት ሊቀ ተው ባዮች አያ ሣህለ ማርያም።

እኔ አስተማሪ ነበርኩ፤ ጋራዡ ጋ የሚወስደኝ የማወቅ ጉጉት እንጂ ጉዳይ አይደለም። እዚያ ደምለው የሚባል የሞጣ ልጅ የተሰበረ የመኪና ብረት ይበይዳል። የሚበይድበት ኦክስጅን ቦምቦላ በሚሉት ረጅም ብረት ውስጥ ታምቆ፣ በጭነት መኪና ዓባይን ተሻግሮ፣ በደጀን በኩል ይመጣል። መኪናው ሲቆም አያ ሣህለ ማርያም አሮጌ ጎማ እየጎተቱ ይደርሳሉ። «ተው፣ አትወርውር። ቀስ ብለህ ጎማው ላይ አሳርፈው።» ቦምቦላው የብረት ቆቡን እንደ ደፋ ይገባና ከምሰሶ ጋር በሰንሰለት ይታሰራል።

«ምን አጥፍቶ ነው የሚታሰረው?» አልኳቸው።

«ያልታሰረ ቦምቦላ ዋስ የሌለው ተከሳሽ ነው። ወድቆ አንገቱ የተሰበረ እንደሆን ግድግዳ በስቶ ይሄዳል።»

ከሁሉ የሚብሰው የእጅ ነገር ነው። ማንም ቦምቦላው አጠገብ ከመድረሱ በፊት እጁን ያሸቱታል። የደምለው ሚስት ይርጋነሽ ፀጉሯን ቅቤ ተቀብታ ምሳ ስታመጣ ከደጅ ይመልሷታል። «ይኸ ጿሚ ነው፤ ቅቤ አይነካም» ይላሉ። «ቅባት» ማለትን ይሸሻሉ፤ በእኛ አገር ቃሉ የሃይማኖት ክርክር ይጠራል፣ ክርክር የያዘ ሰው ደግሞ ሥራ ይረሳል።

«ቅቤንና ኦክስጅንን ምን አጣላቸው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እሱን አላውቅም። መንገድ ሥራ ሳለሁ የነገረኝ ፈረንጅ ግን ሁለት ጣት ጎድሎት ነበር። መክፈቻውን የመኪና ግራሶ ቢያስነካው ነደደበት።»

እውነቱን ለመናገር አሰልችተውኝ ነበር።

ሁዳዴ ገባ። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ የቦምቦላው መክፈቻ አልላወስ አለ። ደምለው ከምሳው ጋር የመጣለትን የኑግ ዘይት በጣሳ ይዞ፣ የዶሮ ላባ ነክሮ ሊቀባው ሲጠጋ አያ ሣህለ ማርያም ደረሱ።

«ተው ደምለው።»

«አያ፣ ጿሚ ነው አላሉም? ኑግ ለጾም መቼ ተከለከለ?»

እኔም በልቤ «ረታቸው» አልኩ። አያ ሣህለ ማርያም ክርክሩን ትተው ተንደረደሩ። ጣሳውን ቀሙት፤ ደምለው መልሶ ያዘባቸው። ትንሽ ቢጓተቱ ዘይቱ እዚያው ቦምቦላው ሥር መደፋቱ ነው። ሽማግሌው ይህን አዩና ጣሳውን አፋቸው ላይ ደፍተው እስከ አተላው ጠጡት። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ የማይቀምሱ ሰው ናቸው።

ደምለው ላባውን ጣለ። «አያ፣ ጾምዎን ሻሩ» አለ በቀጭን ድምፅ።

«የኔን ጾም የንስሐ አባቴ ያዩልኛል» አሉ ጢማቸውን እየጠረጉ። «ያንተን ዓይን ግን ማን ያይልሃል?»

ከዚያ የገዛ እጃቸውን አሸተቱ። «ተው ሣህለ ማርያም» አሉና በአመድ ሊታጠቡ ራሳቸውን ወደ ደጅ አስወጡ።

ተከትያቸው ወጥቼ ውሃ አፈሰስኩላቸው። ለካ እወዳቸው ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ጋራዡ በር ላይ ስደርስ፣ ሳይጠይቁኝ፣ ሁለት እጄን እንዲያሸቱኝ እዘረጋላቸው ነበር።