መንዳት ይብቃዎት

የትም ሂዱ፣ በየቤተሰቡ ሕገ መንግሥት ሸምድዶ ቤተ ዘመድ የሚያሰለች አንድ ሰው አይታጣም። በዚህኛው ቤት ሰውየው አባትየው ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የሥነ ዜጋ መምህር፣ በልጆቻቸው አጠራር «ክቡር ጠቅላይ»።

ክቡር ጠቅላይ ብቻቸውን ምንም አይወስኑም። «የማስፈጸም ሥልጣን የተሰጠው ለካቢኔው ነው፤ ለአንድ ግለሰብ አይደለም» ይላሉ ጣታቸውን ቀስረው። ካቢኔው እንግዲህ እሳቸው፣ ሚስታቸው፣ ትልቋ ልጃቸውና ታናሽ ወንድሟ ናቸው። የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ፈንድቶ ውኃው ሳሎን ሲገባ፣ እሳቸው ሶፋው ላይ እግራቸውን ሰብስበው ምልዓተ ጉባኤ እስኪሟላ ጠበቁ። ሚስታቸው «አንተ ሰውዬ፣ ዝም ብለህ ዝጋው» ቢሏቸው፣ «በመጀመሪያ ሐሳቡ ይቅረብ» አሉ። ስለ መጋረጃው ቀለም የተጀመረው ክርክርማ ክረምቱን አሳልፎ በጋ ገባ።

ከሁሉም አንጀቷ ያረረው ትልቋ ልጅ ናት። ነርስ ናት፤ የአዳር ሥራዋን ጨርሳ እንቅልፍ እያዳፋት ስትገባ ስብሰባ ይጠብቃታል።

ባለፈው ሳምንት አባቷ መኪናቸውን ከጎረቤት አጥር ጋር አላተሙት። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ደፍሮ የነገራቸው ግን አልነበረም። እራት ላይ እሷው ጀመረችው።

«አባዬ፣ አጀንዳ አለኝ።»

«ይቅረብ።»

«መንዳት ይብቃዎት።»

እናትየው ሳህናቸው ላይ አቀረቀሩ። አባትየው «ድምፅ ይሰጥ» አሉ። የሦስቱ እጅ ወጣ፤ የእሳቸው ጉልበታቸው ላይ ቀረ። ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና ሳይበሉ ተነሡ።

በማግስቱ ጠዋት ጎረቤታቸው አጥሩን እየጠገነ «ጋሼ፣ ልጅዎ ቁልፍ ነጠቀችዎ አሉ» ሲል ልጅቷ ከበሩ ኋላ ሰማችው።

«ማንም አልነጠቀኝም» አሉ አባቷ። «ካቢኔው ወሰነ፤ እኔም አለሁበት።»

«ተቃውመው ነበር ሲባል ሰማሁ።»

«እሱ የውስጥ ጉዳይ ነው። ከተወሰነ በኋላ ሁላችንም አንድ ነን። ልጄን መውቀስ ያማረው እኔን ይውቀስ።»

ልጅቷ ዓይኗን ጠራርጋ ወጣችና የመኪናውን በር ከፈተችላቸው። መሪውን ይዛ ሞተሩን አስነሥታ «ወዴት ልውሰድዎት?» አለች።

አባቷ ጎኗ ተቀምጠው አሰቡ፤ ደግመው አሰቡ። «እሱን እንኳ» አሉ በመጨረሻ፣ «እናትሽና ወንድምሽ ባሉበት ብንነጋገርበት ይሻላል።»

ልጅቷ ሞተሩን አጠፋችና ልትጠራቸው ወደ ቤት ገባች።